ሰርቨሩን የት ላድርገው?

ኧረ በቃኝ! ትናንት ማታ ማይንክራፍት የሚባለው ጌም ላይ ዘንዶውን ልንጥለው ትንሽ ሲቀረን መብራት ድርግም። ሰርቨሩ፣ ማለትም ጌሙን ለሁላችንም የሚያስኬደው ኮምፒውተር፣ ፒያሳ እኛ ቤት ያለው ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑስ ባትሪ አለው፤ ራውተሩስ? ጓደኛዬ ከአዘዞ ደውሎ «ምነው ጨረስከን?» ይለኛል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት?

መጀመሪያ ጓደኞቼ ከውጭ እንዲገቡ 25565 ፖርትን (የማይንክራፍትን መግቢያ በር) ልከፍት ሳምንት ሙሉ ከራውተር ጋር ታገልኩ። ለካ አይፒው (የኢንተርኔት አድራሻዬ) የኔ ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ ይጋራዋል! እንደ ቦኖ ውሃ። በመጨረሻ በቪፒኤን፣ በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል መስመር፣ አዞርኩት።

«ውጭ አገር ሰርቨር ተከራይ» ይሉኛል። በምን? በዶላር ካርድ! ብሬን ማን ያየዋል? ደግሞስ ፍራንክፈርት ባስቀምጠው፣ ሰይፌ ጀርመን ደርሶ እስኪመለስ ዞምቢው ቅርጥፍ አድርጎ በልቶኛል።

አሁን መብራት መጣ። ጓደኛዬ «ክፈተው» እያለ ነው። ራውተሩ ገና ብልጭ ድርግም ይላል።