የማዕዘን ቤት ዕዳ

ሚኒሶታ ቤት ስገዛ አሻሻጩ «ማዕዘን ነው፤ ብርሃን በሁለት በኩል ይገባልሃል» አለኝ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ማዕዘን ማለት ሱቅ ነው፤ ቢጠፋ ቢጠፋ አንዲት ኪዮስክ ትወጣዋለች። እዚህ ግን ማዕዘን ማለት በረዶ የሚዛቅበት ሁለት የእግረኛ መንገድ መሆኑን በመጀመሪያው ክረምት ወገቤ አስተማረኝ። ባለፈው ዓመት ደግሞ ደብዳቤ መጣ። በቤቴ ፊትና ጎን ያለው አስፋልት ተነሥቶ እንደ አዲስ ሊሠራ ነው፤ የኔ ድርሻ 9,400 ዶላር።

በየዓመቱ ፕሮፐርቲ ታክስ የሚሉትን የቤት ግብር እየገፈገፍኩ! ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ደወልኩ። ሴትየዋ በትሕትና «ያኛው ታክስ ነው፤ ይሄ ስፔሻል አሰስመንት ነው፤ ለአንድ ሥራ ለብቻው የሚጣል ክፍያ» አለችኝ። ኪሴ ልዩነቱን አላየውም።

የሚኒሶታ ሕግ ነው፤ ምዕራፍ 429 ይባላል። ከተማው መንገድ ወይም የፍሳሽ መስመር ሲሠራ፣ ከወጪው የተወሰነውን ሥራው በሚጠቅማቸው ባለንብረቶች ላይ መጣል ይችላል። ግን የሚጥለው ገንዘብ ሥራው በቤቱ የገበያ ዋጋ ላይ ከሚጨምረው መብለጥ የለበትም። ልሸጠው ያላሰብኩት ቤት ዋጋው ጨመረ ተብዬ ልክፈል ማለት ነው። ነዋሪው ራሱ ፈርሞ ካልጠየቀ ከአምስት የምክር ቤት አባላት አራቱ መስማማት አለባቸው። ተስማሙ፤ እጃቸውን ሲያወጡ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።

እኛ ቤት ይሄ ሁሉ በአንድ ቡና ያልቃል። ኮብልስቶን ሊነጠፍ የእናቴ ሰፈር መዋጮ ሲጀምር ኮሚቴው እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጣ፤ ሦስተኛው ሳይደርስ እናቴ ደብተሩ ላይ ተጽፋለች፣ ያውም እጥፍ። ለምን? «ልጅሽ አሜሪካ ነው።» የቤቱ ፊት ስንት ሜትር ነው ያለ የለም። ደረሰኝም የለም። ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት ሴት ስሟ ሲጠራ ግን ሰብሳቢው «የሷን እኛ እንችላለን» ብሎ አለፈ። እዚህም 65 ዓመት የሞላው ችግረኛ ክፍያው ሊዘገይለት ይችላል፤ ይዘገያል እንጂ አይቀርለትም፤ ለዚያውም ፎርም ሞልቶ። በርግጥ ኮብሉ ከእናቴ በር አርባ እርምጃ ሲቀረው ገንዘብ አለቀ ተብሎ ቆሟል። «ሁለተኛ ዙር ይቀጥላል» ካሉ ስንት ክረምት አለፈ።

ወደ ምክር ቤቱ ስብሰባ ልመለስ፤ ያቃጠለኝ እሱ ነው። በ2016 እዚሁ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት ለመንገድ ጥገና የተጣለባቸውን ክፍያ እስከ ስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክረው፣ ፍርድ ቤቱ «ይህማ ግብር ነው» ብሎ፣ ከሚያስገኘው ጥቅም መብለጥ እንደሌለበት እንደፈረደላቸው ሰምቼ ልቤ አብጦ ነበር። ሦስት ደቂቃ ሰጡኝ። ማዕዘኑን፣ በረዶውን፣ ሁለት ልጅ ኮሌጅ መላኬን ሳይቀር አነሣሁ። አንዲት ሴት ከኋላ አጨበጨበችልኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ፈረንጅ ግን ትንፍሽ አላሉም፤ ተነሥተው አንዲት ወረቀት ለሰብሳቢው ሰጥተው ወጡ። በልቤ «ፈሪ» አልኳቸው።

በሳምንቱ ይግባኝ ልጠይቅ ስሄድ ጸሐፊዋ «ተቃውሞህን በጽሑፍ ፈርመህ አስገብተሃል?» አለችኝ። ተናግሬአለሁ እኮ፣ በቪዲዮ ተቀርጿል! አንገቷን ነቀነቀች። ከስብሰባው በፊት ወይም እዚያው በፊርማ ያላስገባ ሰው በገንዘቡ መጠን ላይ ይግባኝ የለውም። ደብዳቤው ሁለተኛ ገጽ ላይ ተጽፏል፤ እኔ ቁጥሩን አይቼ ነው ያጠፍኩት። ሽማግሌው በ30 ቀን ውስጥ ይግባኛቸውን አቅርበው ፍርድ ቤት ገብተዋል። እኔ ጭብጨባ አለኝ።

በ30 ቀን ሙሉውን ብከፍል ወለድ አልነበረውም። ከየት አመጣለሁ? ለ15 ዓመት ከፕሮፐርቲ ታክሱ ጋር ተቀጥሎልኛል።

ባለፈው እሑድ እናቴ ደወለች። ሁለተኛው ዙር ተጀምሯል፤ ስሜንም አስጽፋለች፣ እንደ ድሮው እጥፍ።

«እማዬ፣ በስንት ሜትር ነው ያሰሉት? ተቃውሞ የሚቀርበው እስከ መቼ ነው?» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንተ ልጅ፣ አሞሃል እንዴ?»