ዕድሜ ከ35 ያልበለጠ

እስቲ የገባው ሰው ያስረዳኝ። ሕጉ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው ይላል። የቅጥር ማስታወቂያው ደግሞ «ዕድሜ ከ35 ዓመት ያልበለጠ» ይላል። መሀል ላይ ያለነው ሰዎች ታዲያ የት እንግባ?

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሃምሳን አልፌያለሁ። መሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ ሲቀንስ ከወጡት አንዱ ነኝ። ድሮ አራት ኪሎ ሰሌዳው ሥር ተጋፍተን የምናነበው ማስታወቂያ ዛሬ ቴሌግራም ላይ ይወጣል፤ መንገዱ ቀረ እንጂ ነገሩ ያው ነው። 10 ዓመት ልምድ፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር የሚችል፣ ዋስ የሚያቀርብ (ዋሱስ ከየት ይመጣል?)፣ በዚያ ላይ ከ35 ያልበለጠ!

እንደ ምንም ቃለ መጠይቅ ላይ ብደርስ የልጄ እኩያ ብድግ ብሎ «አባባ፣ ይቀመጡ» ይለኛል። አስተዳደጉ ይባረክ፤ ግን እኔ ያኔውኑ ነገሩ እንዳበቃ ይገባኛል። ከዚያ «ደመወዙ ለእርስዎ አይመጥንም» ይከተላል። ማን አማረጠ ልጄ? ጤፉ አልቀመስ ባለበት ኑሮ!

ወጣቱም ሥራ አጥቶ እየተንከራተተ መሆኑን አላጣሁትም፤ ቤቴም አንድ ተመራቂ ተቀምጧል። እሱን «ልምድ የለህም» ይሉታል፣ እኔን «አርጅተሃል»። ለጡረታ 7 በመቶ ከደመወዜ ሲቆረጥ ኖሯል፤ እሱንም ልብላ ብል ገና ነኝ።

ማስታወቂያ የምትጽፉ ሰዎች፣ እባካችሁ ያቺን አንድ መስመር ሰርዟት። ፈትኑን፤ ከወደቅን ያኔ አሰናብቱን።