ቦሎ አላት፣ ካታላይዘር የላትም

መኪናዋን ስገዛት ቦሎዋ ከታደሰ ገና አንድ ወሩ ነበር። ያገለገለች ኮሮላ ናት። ሻጩ ደጋግሞ የነገረኝ ይህንኑ ነው። «ምርመራውን አልፋለች፤ ምንም የላትም።» እኔም አመንኩ።

ግን ቤንዚን ቤንዚን ትሸት ነበር። ጠዋት አስነስቼ ልጆቹን ስጠብቅ ሽታው ግቢውን ይሞላዋል። ባለቤቴ «ነዳጅ ታፈሳለች እንዴ?» ትለኛለች። ሞተሩ ሲታመም የሚያስጠነቅቀው የቼክ ኢንጂን መብራቷ ደግሞ ጭራሽ አይበራም፤ ሊበራ የሚገባው ቁልፍ ስከፍት እንኳ።

አንድ ቅዳሜ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ በክሪክ አንስቶ ከሥሯ ገባ። ብዙም አልቆየም። «ጋሼ፣ እስቲ ዝቅ ብለው ይዩት» አለኝ። ተንበርክኬ አየሁ። ከሞተሩ ወደ ማርሚታው በሚሄደው ቱቦ ላይ ዙሪያውን የተበየዱ ሁለት ቦታዎች አሉ። በመሃላቸው ያለው ቱቦ ከሌላው አዲስ ነው። «ካታላይዘሩ የነበረው እዚህ ጋ ነው። ቆርጠው ወስደውታል። ይሄ ባዶ ቱቦ ነው» አለኝ። ዳሽቦርዱን ሲከፍተው ደግሞ ጉዳዩ እንዳይታወቅ የቼክ ኢንጂኑ አምፖል ተነቅሏል።

ይህች መኪና ናት ምርመራ ያለፈችው።

ካታላይዘር ወይም ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባለው ዕቃ ከውጭ ሲታይ የብረት ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ግን እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሸክላ አለ። ሸክላው በጣም በስሱ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ተቀብቷል። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ በእነዚያ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲያልፍ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ያልተቃጠለው ነዳጅ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። የናይትሮጅን ኦክሳይዶቹ ደግሞ ወደ ተራ ናይትሮጅን ይመለሳሉ። ደህና ካታላይዘር ከሞቀ በኋላ ከእነዚህ መርዞች ከ90 በመቶ በላይ ያጠፋል። የኔ ኮሮላ ይህን ሁሉ በየጠዋቱ ግቢያችን ውስጥ ስትለቅ ነበር፤ ልጆቹ ቦርሳቸውን ይዘው ከኋላዋ ቆመው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። አየሩ ራሱ ስስ ነው። መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ግማሽ ሰዓት የሚቆም ሰው፣ እናቱ ጀርባ ላይ ያለ ሕፃን፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ማስቲካና ሶፍት የሚሸጥ ልጅ የሚተነፍሱት ይህንን ነው። መስኮት ዘግተን የምናልፈው እኛ ነን፤ እነሱ መስኮት የላቸውም።

ታዲያ ለምን ይነቀላል? አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። ሮዲየም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በአውንስ ከ25,000 ዶላር በላይ ተሽጧል፤ በዚያ ሰሞን ወርቅ 2,000 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ወርዷል፤ ገዢ ግን አልጠፋም። ሁለተኛው «ጉልበት ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይበላል» የሚለው ወሬ ነው። ደህና ካታላይዘር የመኪና ጉልበት አይነካም ማለት ይቻላል። የሚይዛት የተደፈነ ካታላይዘር ነው። የሚደፈነው ደግሞ ሞተሩ ዘይት ሲያቃጥል፣ ነዳጁን የሚለኩሰው ካንዴላ በትክክል ሳይተኩስ ሲቀር፣ ወይም የተበረዘ ቤንዚን ሲገባበት ነው። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን በሃይላንድ የሚሸጠውን ስንቀዳ ምን እየቀዳን እንደሆነ ማን ያውቃል? በሽታው ሌላ ቦታ ነው፤ የሚቆረጠው ግን ካታላይዘሩ ነው።

ሦስተኛም አለ። አንዳንዱ መኪና እዚህ ሲደርስም ካታላይዘር የለውም። የኔዘርላንድስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ አፍሪካ የሚጫኑ አሮጌ መኪኖችን መርምሮ ነበር። ካታላይዘራቸው የተነቀለ መኪኖች አግኝቷል። እኔ ከመኪናዬ ሥር ያየሁትን ሳስብ ያ ሪፖርት አይገርመኝም።

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ፕሪየስ ይነዳል። አንድ ሌሊት ቤቱ በር ላይ ካታላይዘሩን ቆርጠው ወሰዱበት። ጠዋት ሲያስነሳት እንደ ትራክተር ጮኸች። ያለ እሱ ደግሞ መንዳት አይችልም፤ የግዛቲቱ ሕግ አይፈቅድም። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ካታላይዘር መስረቅን ከባድ ወንጀል አድርጋዋለች። እዚያ ሌባው ተደብቆ በሌሊት ይመጣል። እዚህ በቀን ነው፤ ባለመኪናው ቆሞ እያየ፣ «ገዢ አለው፣ የእጅ ዋጋችንን ይችላል» ተብሎ።

እኛም ሕግ የለንም ማለት አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ። በየዓመቱ ለቦሎ እንሰለፋለን፤ ፍሬን ይታያል፣ መብራት ይታያል፣ ጎማ ይታያል። ከሥር ያለው ቱቦ ግን ሲታይ አላየሁም።

የጭስ መለኪያ መሣሪያ ማርሚታ ውስጥ መክተት ብቻውንም አይበቃም። ወሳኙ የሚፈቀደው ልክ ነው። እንግሊዝ አገር ካታላይዘር ሳይኖራቸው የተሠሩ አሮጌ መኪኖች እንደ ዕድሜያቸው እስከ 3.5 ወይም 4.5 በመቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈቀድላቸዋል። ካታላይዘር ላለው መኪና ልኩ በአብዛኛው ከ0.5 በመቶ አይበልጥም። ልዩነቱን ተመልከቱት። ለሁሉም አንድ ልል ልክ ከተቀመጠ ሞተሯ ደህና የሆነ መኪና ያለ ካታላይዘርም ታልፋለች። ስለዚህ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ካታላይዘር ከነበራት፣ ዛሬም መኖሩ በዓይን መታየት አለበት። ባትሪ ይዞ ጎንበስ ማለት ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቁልፍ ሲከፈት የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋቱንም ማየት ነው።

«የኤሌክትሪክ መኪና እየገባ አይደል እንዴ?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ተከልክሏል። ግን እዚህ ያሉት የትም አይሄዱም። እኛ አገር መኪና ሠላሳ ዓመትም አርባ ዓመትም ይነዳል። እንዲያውም አዲስ ስለማይገባ ያሉት ይበልጥ ይከርማሉ።

ይህን ስል ነገ ጠዋት ሁሉም ቦሎ ይከልከል ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰው እንደኔ ሳያውቅ ነው የገዛው። አዲሱ ዕቃም ውድ ነው። መጀመሪያ ካታላይዘሩን የሚነቅለውና ከሱ የሚገዛው ይያዙ። አሮጌ ካታላይዘር የሚገዛ ሰው ፈቃድ ይኑረው፤ ከየትኛው መኪና፣ ከማን እንደገዛ ይመዝግብ። ለባለመኪናው የአንድ ዓመት ጊዜ ይሰጠው። ኦሪጅናል ባይሆኑም ያንኑ ሥራ የሚሠሩ ካታላይዘሮች በርካሽ እንዲገቡ ቀረጡ ይነሳ። የሰው ሳንባ የሚጠብቅ ዕቃ ነው፤ እንደ ጌጥ ሊቀረጥ አይገባም።

እኔ ገንዘብ አጠራቅሜ አስገጠምኩ። አምፖሉም ተመለሰ። በመጀመሪያው ጠዋት ባለቤቴ በረንዳ ላይ ወጥታ «ዛሬ አልሸተተም» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ለቦሎ ሄድኩ። ፍሬኑን አዩ፣ መብራቱን አዩ፣ ወረቀቱን ሊፈርሙልኝ ሲሉ «ከሥር አታዩትም?» አልኳቸው። ወጣቱ መርማሪ ትንሽ አየኝና የስልኩን ባትሪ አብርቶ ጎንበስ አለ።