ቀንድ መግጠሙ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው
«ወንድ ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) ሴት የሚያገኘው በቀንድ ተዋግቶ ነው» የሚለው ላይ አልስማማም። ኮሎራዶ ነው የምኖረው፤ መስከረም ላይ እዚሁ ኢስተስ ፓርክ የምትባል ከተማ ሄዶ ያየ ያውቀዋል። አብዛኛው ፉክክር በጩኸት ያልቃል። ከዚያ ግዙፍ እንስሳ እንዲያ የቀጠነ ፉጨት ሲወጣ ማመን ያቅታል! በጩኸት ካልተሸናነፉ ጎን ለጎን እየተራመዱ ቀንድና ቁመና ይለካካሉ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ሹልክ ይላል። የሚገጥሙት በአብዛኛው እኩያ ሲሆኑ ነው። ያሸነፈውም ቢሆን አያርፍም፤ ሴቶቹን ሲጠብቅ መብላት ይረሳል፣ በረዶው የሚደርሰው ከስቶ እያለ ነው። እዚሁ ውይይት ላይ «ሴቶቹ ምርጫ የላቸውም» ያልከው ወንድሜ፣ ወንዱ ሌላውን ወንድ ሲያባርር ወደ ጎረቤት መንጋ የሚሻገሩ አሉ እኮ። በገዛ ሽንቱ የራሰ ጭቃ ላይ ተንከባሎ የሚመጣውም ለእነሱ ሲል ጭምር ነው። ሽቶ መሆኑ ነው እንግዲህ።