እርማት፦ የባድላንድስ ቀይ መስመር ከፀሐይ የመጣ አይደለም

ወንድሜ፣ «በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት ባለው የባድላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ድንጋዩ ላይ የሚታየው ቀይ መስመር የጀምበር መጥለቂያ ብርሃን የሚሠራው ነው፣ ስለዚህ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይዘህ ፎቶ አንሳ» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም።

ቀዩ የድንጋዩ የራሱ ቀለም ነው። መስመሮቹ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ አፈር የነበሩ ንብርብሮች ናቸው፤ ውስጣቸው ያለው ብረት ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ነው የቀሉት። እኩለ ቀን ላይ ሂድ፣ እዚያው ታገኛቸዋለህ፣ ትንሽ ደብዘዝ ብለው። ዝናብ ከመታቸው ደግሞ ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። የሎው ማውንድስ የሚባሉት ቢጫ ጉብታዎችም ጥንት የባሕር ወለል ላይ የነበረ ጥቁር ጭቃ ወደ አፈር ሲለወጥ የመጡ ናቸው። እኔን ከየትኛውም ጀምበር በላይ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ታዲያ የምሽቷ ፀሐይ ምን ትሠራለች? ዝቅ ብላ ከጎን ስለምታበራ እያንዳንዱ ሸንተረር ጥላ ይጥላል፣ ቅርጹ ጎልቶ ይወጣል፣ ያለው ቀለምም ይሞቃል። ፊት ለፊት ካነሳሃት ግን ድንጋዩ ጥቁር ይሆንብሃል፣ መስመሩም ይጠፋል። ስለዚህ ሉፕ ሮድ በሚባለው የፓርኩ መንገድ ስትነዳ ፒናክልስ መመልከቻ ጋ ቁምና ጀርባህን ለፀሐይ ስጥ፣ ወይ በጎንህ አድርጋት። የካሜራህን ዋይት ባላንስ (የቀለም ማስተካከያውን) ከአውቶ አውጥተህ ዴይላይት (የቀን ብርሃን) ላይ አድርገው፤ አውቶው ያንን ሙቀት ጉድለት መስሎት ሊያጠፋው ይችላል። ፀሐይዋ ስትገባም ወደ መኪናህ አትሩጥ፣ ለስላሳው ብርሃን ገና ትንሽ ይቆያል።