በርጩማ ምን አጠፋ?

ጅማ ውስጥ ያለ ጥፋቱ የሚደበደብ ቢቆጠር ቀዳሚው በርጩማ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ፣ በሦስት እግሩ ጸጥ ብሎ በተቀመጠበት፣ ቡና ሲፈላ ሕፃኑ እየሮጠ ይመጣና ቅልጥሙን ያጋጨዋል። ላልቅስ አላልቅስ እያለ ሲያመነታ እናት፣ አያትና ቡና የተጠሩት ጎረቤት አንድ ላይ ብድግ! «ማነው የመታብኝ? ይሄ ነው? እንካ ቅመስ!» በርጩማው ሦስት ጥፊ ይቀምሳል። ልጁም እንባውን ሳይጠርግ ይስቃል። ካመመኝ ጥፋተኛ አለ፣ ጥፋተኛ ይመታል የሚለውን ይዞ ይነሳል። አይቶ መሮጥን ያስተማረው የለም። ታዲያ እንዲህ ከልክ በላይ የተጠበቀ ልጅ ጠበኛ ይሆናል የሚባለው እውነት ነው?

አብዛኛው ሰው በዕድሜው ደጋግሞ የሚማታው ከ2 እስከ 4 ዓመቱ ገደማ መሆኑን ካናዳዊው ተመራማሪ ሪቻርድ ትራምብሌ አሳይቷል። መማታቱንስ ማንም አያስጠናንም፤ የምንማረው መተዉን ነው።

ትምህርቱ የሚበላሸው ሱቅ በር ላይ ነው። «ብስኩት!» «አልገዛም።» «ብስኩት!» «አልገዛም አልኩህ!» ሦስተኛው ላይ ጭቃው ውስጥ ይንከባለላል፤ የጅማ ዝናብ መቼም ጭቃ አያሳጣም። አራተኛው ላይ ብስኩቱ እጁ ገብቷል። ሁለቱም ተሸልመዋል፤ ልጁ ብስኩት፣ እናት ጸጥታ። ስለዚህ ነገም ይደገማል። በ15 ዓመቱ ብስኩቱ ሞባይል ይሆናል፤ መንከባለሉ ደግሞ በር መስበር።

«እምቢ» ያለ እስከ መጨረሻው እምቢ ይበል። ለቅሶው ግን መጀመሪያ ሰሞን ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ብዙው ወላጅ የሚረታው እዚህ ላይ ነው። እናት ሦስት ቀን ችላ በአራተኛው አያት ይደርሳሉ። «ልጁን ልትገድይው ነው?» ብለው ከነጠላቸው ጫፍ ብስኩት ይፈታሉ። ልጁ አሁን አራት ቀን ማልቀስ እንደሚያዋጣ ገብቶታል። አንዳንዴ የሚሸነፍ እምቢታ ሁልጊዜ ከሚሸነፈውም ይከፋል።

«ልጅ ጠበኛ የሆነው ዱላ ስለቀረ ነው!» የሚሉ ጋሼ በየሰፈሩ አይጠፉም። ከልክ ያለፈ ጥበቃ ብቻውን ግን ተደባዳቢ አያወጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው ፈሪና ጭንቀታም ልጅ ነው። ለጠበኝነቱስ ቤት ውስጥ የሚቀመሰውና የሚታየው ዱላ ይቀርበዋል። ጋሼ መድኃኒት ያሉት በሽታውን ነው።

ብይ የተሻለ መምህር ነበር። የተሸነፈ ያስረክባል፣ የተማታ ነገ አይጠራም። ታዲያ ልጁ አምስት ብይ ተበልቶ ሲያለቅስ አባት ከግቢ ወጥቶ «መልሱለት!» ይላል። መለሱለት። ማካካሻ ብሎ ሃያ አዲስ ጨመረለት። ልጁ አሁን ሃያ አምስት ብይ ይዞ ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ አባትየውም «የዚህ ሰፈር ልጆች ክፉዎች ናቸው፣ አያጫውቱትም» እያለ ይከሳል።