የጎረሰ ጠመንጃ ሳሎን ውስጥ አይፈታም!

ከቅዳሜ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። የምኖረው አዘዞ ነው፤ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከሦስት ልጆቼ ጋር። ረከቦቴን አንስተው የአባታችንን ባለሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ በቦታው አጋደሙት። በግራው አፈሙዝ ውስጥ ያልተተኮሰ ጥይት አለ። ዙሪያውን አራት ወንዶች ካቻቢቴ፣ ፒንሳና መዶሻ ይዘው ተቀምጠው ነበር። እኔ ደግሞ ቡና እንዳፈላላቸው እየተጠበቅሁ ነበር!

ታላቅ ወንድሜ ደምቢያ፣ ቆላ ድባ አካባቢ ያርሳል። በቆሎው ሲያሽት ከርከሮ እየገባ ያወድምበታል፤ ሌሊት ሌሊት ማማ ላይ ነው የሚያድረው። ባለፈው ሳምንት ሁለቱንም አጉርሶ ተኮሰ። ቀኙ ጮኸ፣ ግራው ከሸፈ። ሊከፍተው ቢል መሀሉ ላይ የሚታጠፈው ወገቡ አልሰበር አለው። ጥይቶቹ ክረምቱን ሙሉ ከዝናራቸው ጋር ምሰሶ ላይ ተንጠልጥለው ነው የከረሙት። ቀለሃቸው ከታች ናስ ይሁን እንጂ ከላይ ወፍራም ወረቀት ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ያበጠ ቀለህ ደግሞ አፈሙዙን ነክሶ ይይዛል። ይኼ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ይሁን።

ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያንን የጎረሰ ጠመንጃ በማዳበሪያ ጠቅልሎ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሕዝብ መሀል አስቀምጦ ጎንደር ድረስ አመጣው! «አያ፣ ቢባርቅስ?» ብዬ ብጠይቀው «ከሽፏል እኮ እታለም» አለኝ። የከሸፈ ጥይት የሞተ ጥይት ነው ያለው ማነው? ባሩዱ እንዳለ ነው። እርሳሱም እንዳለ ነው። የጥይቱ መቀመጫ መሀል ያለችው፣ መርፌው የሚመታት ትንሿ ክብ ነገር አልለኮሰችም ማለት ብቻ ነው። አንዳንዴማ ዘግይታ የምትለኩስ አለች፤ ለዚህ ነው የሚያውቅ ሰው ጥይት ሲከሽፍበት አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ሳይነካው የሚጠብቀው። ይኼን ለእኔ ለሴቷ የነገረኝ አባቴ ነው። ለወንድሜም ነግሮታል፣ አብረን ነው የሰማነው።

ምክሩን ደግሞ ስሙልኝ። አንዱ ጎረቤታችን፣ የማከብራቸው ሰው ናቸው፣ «እኔ ስንት ክላሽ ፈትቼ ገጥሜያለሁ» ብለው ጀመሩ። ጋሼ፣ ይኼ ክላሽ አይደለም! ካዝና የለውም፣ ወገቡን ሰብሮ የሚጎርስ ነው። ሌላው ነጭ ጋዝ አፍስሱበት አለ። ሦስተኛው ሰደፉን ከድንጋይ ጋር አጋጩት አለ። ደሜን ያፈላው ግን አራተኛው ነው። ጎረምሳ ነው፣ ግንባታ ላይ የሚሠራ፤ የ8 ቁጥር ፌሮ ይዞ መጣና በአፈሙዙ አስገብቶ ከላይ በመዶሻ እየመታ ሊገፋው! ልብ በሉ፣ ደረቱን አፈሙዙ ላይ ደፍቶ፣ ያልተተኮሰ ጥይት ላይ ብረት እየመታ። የመጨረሻ ልጄ ከኋላው ቆማ ታያለች። ያኔ ነው ጮኼ ሁሉንም ከቤት ያስወጣሁት። «ሴት ምን ታውቃለች» ተባልኩ። ይባል።

ዝናሩን ስፈትሽ ደግሞ ሌላ ጉድ አገኘሁ። ቀይ ጥይትና ቢጫ ጥይት ተቀላቅሏል። የመጀመሪያው ልጄ መቀመጫውን አንብቦ ቀዩ 12፣ ቢጫው 20 ይላል አለኝ። የወንድሜ ጠመንጃ ባለ 12 ነው። በዚህ ጠመንጃ ነገር ቁጥሩ ሲበዛ ጥይቱ ይቀጥናል፤ ባለ 20ው ባለ 12 አፈሙዝ ውስጥ ሲገባ ሾልኮ ወደፊት ይሄድና መሀል ላይ ይቀረቀራል። ከኋላ ሲያዩት ባዶ ይመስላል። ሰውዬው ረስቶ ባለ 12ቱን ከኋላው አጉርሶ ቢተኩስ አፈሙዙ እጁ ላይ ይፈነዳል። ከገበያ ሲገዛ ያገኘውን ሁሉ አንድ ዝናር ውስጥ ሰክቶ፣ በጨለማ በዳሰሳ እያጎረሰ ነው ለካ የከረመው! ቢጫዎቹን ለይቼ ቆለፍኩባቸው። አኩርፎኛል።

ግን ወንድሜን ብቻ መውቀስም ግፍ ነው። የት ይውሰደው? ፈቃድ አለው፣ መሳሪያው ተመዝግቧል። የጦር መሳሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው፤ ፈቃድ አውጣ ተባለ፣ አወጣ። ሲበላሽበት ሄዶ ቢጠይቅ አንዱ ቢሮ «ያስመዘገብክበት ሂድ» አለው፣ ያስመዘገበበት ደግሞ «እኛ ጋ ባለሙያ የለም» አለው። በዚህ ጊዜ ጠመንጃ ይዞ ከተማ ለከተማ ጠጋኝ ፍለጋ መዞር ምን እንደሚያመጣ ለጎንደር ሰው አልነግርም። ስለዚህ የአገሩ ወንድ ሁሉ ሳሎኑን ወርክሾፕ አደረገው።

አባቴ እንዲህ ሲገጥመው ወለቃ ነበር የሚወስደው፣ በደባርቅ መውጫ። እዚያ የቤተ እስራኤል አንጥረኞች ነበሩ፤ ማረሻውንም ማጭዱንም የሚሠሩልን እነሱ ነበሩ። ቀን ማረሻ እያሠራን ማታ «ቡዳ» እያልን የምንሰድባቸው። ግማሾቹ በ1977፣ የቀሩት በ1983 ወደ እስራኤል ሲሄዱ እጃቸውም አብሮ ሄደ። አባቴ እስኪሞት ይቆጨው ነበር። እጁን ከብረት ጋር ያስማማን ሰው አዋርደን ሸኝተን፣ ዛሬ በፌሮና በመዶሻ እንደናበራለን።

ጠመንጃው አሁን የጓሮው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። አፈሙዙ ወደ ድንጋዩ ግንብ ዞሯል፣ በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ልጆቹን ማራኪ ሰፈር እህቴ ጋ ልኬያቸዋለሁ። ወንድሜ በሩ ላይ ተቀምጦ «በቆሎዬ አለቀ እኮ» ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ሆዴ ይባባል። ግን አልከፍትለትም። ጎንደር ውስጥ ፈቃድ ያለው፣ እንዲህ ያለውን መሳሪያ በእውነት የሚያውቅ ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ንገሩኝ። እሱ ራሱ መጥቶ ይየው። «ጋዝ አፍስሺበት» የምትሉኝ ግን እባካችሁ አትጻፉልኝ።